የባሕሯ እመቤት የሳቀች ዕለት

ሉጋንግ፣ በአንደኛው ወር፣ የፋኖሱ በዓል ባለፈ ማግስት

ወንድሜ ቲንግ-ሃይ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ። እናታችንም "ደህና ናት በይው" ብላኛለችና ደህና ናት።

ተቆጥታችሁብኛል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ለአዲስ ዓመት ስላልመጣህ የተቆጣ ሰው የለም። እናታችን በዋዜማው ሳህንህንና የመብያ እንጨትህን እንደ ወትሮው ከጎኗ አስቀመጠች። የዓሣውን ጉንጭ ፈልፍላ አውጥታ ሳህንህ ላይ አኖረችልህ። ሁላችንም በልተን እስክንነሣ ማንም አልነካውም፤ በኋላ ድመቷ በላችው። ይኸው አራተኛ ዓመቷ ነው፣ ድመቷስ በቀረህ ቁጥር ትመርቅሃለች።

ደብዳቤህን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ጽሕፈትህን ግን ምን ነካው? ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። መምህራችን ጆሮህን እየጠመዘዙ ያስተማሩህ ያ የሚያምር የእጅ ጽሑፍ የት ገባ? ቀኑን ሙሉ የመርከብ ብረት ስትቆርጥ እየዋልክ እጅህም ብረት ሆነ መሰለኝ። እናታችን ግን "ዋናው መጻፉ ነው" ብላ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ አሸተተችው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። የዓይኗ ሞራ እየወፈረ ነው። እግሯ ማታ ማታ ያብጣል። ሐኪሙ ስለ ልቧ የነገረኝ ነገር አለ፤ እሷ አታውቅም፣ አንተም በደብዳቤህ እንዳታነሣው። "የልጄን ፊት የማይበት ዓይን ሳይጠፋ ልሂድ" ትላለች። ጥጥ የገባበት ጃኬት እየሰፋችልህ ነው። በጣቷ እየዳበሰች ነው የምትሰፋው፤ ቁልፎቹንም እንደ ድሮው ከጨርቅ እየቋጠረች ነው የምትሠራቸው፣ ብዙ ናቸው። አንተ መምጣት ካልሆነልህ፣ በሦስተኛው ወር የአያቶቻችንን መቃብር ጠርገን እንደጨረስን እኔው በአውቶቡስ ይዣት እመጣለሁ። የሚመችህን ቀን ጻፍልኝ። አሁንም ከኑድል ቤቱ በላይ ነህ አይደል?

እህትህ ላን

*

ካኦሺዩንግ፣ በሁለተኛው ወር

እታለም፣

ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። እናንተም እንዲሁ እንድትሆኑ እለምናለሁ።

ስለ ጽሕፈቴ የጠየቅሽኝ፣ ብዕሩ ነው። ርካሽ ነገር ገዝቼ ነው፤ ቀለሙ አንዴ ይፈሳል፣ አንዴ ይደርቃል። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እንዳደከምኩሽ አውቃለሁ።

እናታችን መምጣት ፈለገች ስትዪኝ ልቤ ምን ያህል ደስ እንዳለው መናገር አልችልም። ነገር ግን እታለም፣ ነገሩን በደንብ አስቢው። ደረጃው ቀጥ ያለ መሰላል ነው። ክፍሉ አንድ ሰው ሲተኛበት ሌላው ውጭ የሚቆምበት ነው። የኑድል ቤቷን ባለቤት ወይዘሮ ቹዋን ከደብዳቤዎቼ ታውቂያታለሽ፤ እንግዳ ስታይ ድስት ትወረውራለች። ደግሞ አሁን አንድ ትልቅ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ሊፈርስ ገብቷል፤ ሠራተኛው በፈረቃ ሌትም ቀንም ይሠራል። መጥታ ደጅ ላይ ተቀምጣ ልትውል ነው? ሙቀቱም ሊጀምር ነው። እምቢ ማለቴ አይደለም። ትንሽ ይቆይ ማለቴ ነው።

ግድ የለም፣ የእኔን ቃል ትተሽ መቅደሷ ሄደሽ የባሕሯን እመቤት ጠይቂያት። የመቅደሱ ዕጣ አንባቢ አጎት ሱን መጽሐፉን ገልጦ የሚልሽን እኔም እቀበላለሁ። ትሂድ ካለ ትምጣ፤ ትቆይ ካለ ደግሞ ማናችንም አንቀየም። ደብዳቤ በዚያው በወይዘሮ ቹዋ በኩል ላኪልኝ።

ጃኬቱን አታስቸኩያት። ዓይኗን ታሳርፍ።

ታናሽ ወንድምሽ ቲንግ-ሃይ

*

ሉጋንግ፣ በሦስተኛው ወር፣ የእመቤቲቱ ልደት በዋለ በሳምንቱ

ወንድሜ፣

እንዳልከኝ ሄድኩ። መጨረሻውን አስቀድሜ ልንገርህ፤ አልሆነም።

መቅደሱ ከበዓሉ ወዲህ ገና አልተጠረገም፤ የርችት ወረቀት እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። አጎት ሱን ያው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። ጥርሱ ሁለት ቀርቶታል፣ ምላሱ ግን ሙሉ ነው።

"ለራስሽ ነው?" አለኝ። "ለባል ከሆነ ዕጣው አርጅቷል።"

"ለወንድሜ ነው፣ አጎቴ። እናቴ እሱ ጋ ትሂድ ወይስ ትቅር ብዬ ነው።"

"ያ መርከብ አፍራሹ? እንግዲያው ስሙን፣ የተወለደበትን ዓመት፣ የሚኖርበትን በር አንድ በአንድ ንገሪያት። ካኦሺዩንግ ሰፊ ነው፤ እሷም የቤት ቁጥር ካልነገሯት በየደጁ እያንኳኳች አትፈልግልሽም።"

ተንበርክኬ ነገርኳት። ኮ ቲንግ-ሃይ፣ የአሳማው ዓመት ልጅ፣ ካኦሺዩንግ፣ የጨው ጎዳና፣ ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ከወይዘሮ ቹዋ ኑድል ቤት በላይ። እናቱ ትሂድለት ወይ? ብዬ የዕጣ ዘንጎቹ ያሉበትን የቀርከሃ ማሰሮ ናጥኩ። ከሌሎቹ በላይ ብቅ ያለውን አንዱን ዘንግ መዘዝኩ። አንደኛው ዕጣ፣ ከሁሉ መልካሙ ነበር። አንደኛውን ማን የማያውቀው አለ? ልቤ ዘለለ። የእኛ የሚሆነው ሦስት ጊዜ እሺ ስትል ነውና ሁለቱን ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ እንጨቶች ወረወርኩ። አንዱ በልሙጡ አንዱ በጎባጣው ወደቀ፤ እሺ አለች። ደግሜ ወረወርኩ፤ እሺ አለች። ሦስተኛውን ስወረውር ሁለቱም ልሙጥ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ወደቁና እንደ ሕፃን አልጋ ተወዛወዙ።

"ሳቀች" አለኝ አጎት ሱን። "ጥያቄሽ አልጠራላትም። የነገርሻትን ነገር እስቲ አጣሪ።"

ምኑን ነው የማጣራው? የወንድሜን ስም ነው ወይስ በየፖስታው ላይ የምጽፈውን አድራሻ? ስለዚህ ዘንጉን መልሼ እንደገና ናጥኩ። ሌላ ወጣ። ሦስት ጊዜ ወረወርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያለማመንታት እሺ አለች። አጎት ሱን አውራ ጣቱን በምላሱ አርሶ መጽሐፉን ገለጠ። "ጀልባህን ከወደብ አታንሣ፤ ነፋሱ እስኪዞር መረብህን ጠግን" ይላል። ከሥሩ ደግሞ "ለመንገደኛ፦ ይቆይ" የሚል አለ። ነፋሱ የሚዞረው በዘጠነኛው ወር መሆኑን አንተም ታውቃለህ።

ለእናታችን ስነግራት "እሺ" አለች። ቋጥራ ያስቀመጠችውን ፈታች፤ የደረቀውን የኦይስተር ዛጎል ሥጋ ወደ ማሰሮው፣ ጃኬቱን ወደ ሳጥኑ መለሰች። የቋጠረችበትን ሰማያዊ ጨርቅ ግን አጥፋ ትራሷ ሥር አደረገችው።

ያንተው ላን

*

ካኦሺዩንግ፣ በአራተኛው ወር

እታለም፣

እመቤቲቱ ቆይ ካለች ቆይ ነው። እኔ ደግሞ በመሐል ገብቼ ምን እላለሁ? እናታችንን አትዘኚ በይልኝ። ዘጠነኛው ወር ሩቅ አይደለም። ያኔ ሙቀቱም ይበርዳል፣ እኔም የተሻለ ቦታ እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አድራሻውን ስትነግሪያት የቤቱን ቁጥር ሳይቀር ነው የነገርሻት?

እንዲያው ነው የጠየቅኩሽ። በጤና ሁኑልኝ።

ወንድምሽ

*

ሉጋንግ፣ በስድስተኛው ወር መባቻ

ወንድሜ ቲንግ-ሃይ፣

አዎ፣ ቁጥሩን ሳይቀር ነው የነገርኳት። ይህን በአምስተኛውም ወር ሁለት ጊዜ ጽፌልሃለሁ፤ መልስ አልሰጠኸኝም። ለምን እንደጠየቅከኝም አልገባኝም። አጎት ሱን ከሠላሳ ዓመት በላይ መጽሐፍ ሲገልጥ አድራሻ ሳያስነግር ዕጣ ያስጣለው ሰው አለ?

እስካሁን ደህና ናት እያልኩ ስጽፍልህ ቆይቻለሁ። ከእንግዲህ አልችልም። እናታችን ደህና አይደለችም። ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፤ የምታድረው ወንበር ላይ ነው። ሩዙን ትታ ሾርባውን ብቻ ትጠጣለች። ጠዋት ጠዋት ጣቷን በምራቋ አርሳ በመስኮቱ ታወጣና "ነፋሱ ዞረ?" ትለኛለች። ገና ነው እላታለሁ። "ይሄ ነፋስ ዘንድሮ ምን ሆኖ ነው የዘገየው?" ትላለች። አልዘገየም፤ ጊዜው ስላልደረሰ ነው።

ስማኝ። ዕጣው መንገድ የከለከለው እሷን ነው እንጂ አንተን አይደለም። አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቅ። ጠዋት በአውቶቡስ ተነሥ፣ ከሰዓት ትደርሳለህ፤ ፊትህን አይታ ማታውኑ ተመለስ። አዲስ ዓመት አላልኩህም፣ ስጦታ አላልኩህም። ለምን እንደማትመጣ ደግሞ እኔ አልጠይቅህም። ሚስት አግብተህ ከሆነ፣ ታስረህ ከሆነ፣ ምንም ሆነህ ከሆነ፣ ና ብቻ።

ሁልጊዜ እኔ እየለመንኩ አንተ ዝም እያልክ ደክሞኛል፤ ይህንንም ሳልደብቅ ነው የምነግርህ።

ላን

*

ሉጋንግ፣ በሰባተኛው ወር

ይህን ደብዳቤ ማን እንደሚከፍተው አላውቅም። ወይዘሮ ቹዋ ከሆኑ እባክዎ እመቤቴ፣ ኮ ቲንግ-ሃይ የሚባለው ወንድሜ ያለበትን የሚያውቁ ከሆነ ይስጡልኝ።

ወንድሜ፣

እናታችን ዐረፈች። በነጋታው ጠዋት ቴሌግራም አስላኩልህ። ለመምጣት ጊዜ እንድታገኝ ሬሳውን አቆየን፤ ዘመድ እስኪሰለች፣ የሙቀቱም ነገር እስኪያስፈራን ድረስ። በቀብሩ ዋዜማ ፖስተኛው መጣ። የያዘው ያንተን መልስ አልነበረም፤ የራሴን ቴሌግራም ነው መልሶ ያመጣልኝ። በላዩ ላይ "በዚህ አድራሻ እንዲህ ያለ ሰው አይኖርም" ተብሎ ተጽፎበታል።

የወንድ ልጅን ቦታ የያዘው የአክስት ቢ የልጅ ልጅ ነው። ዕጣኑን ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ተሸክሞ ነው እናታችን የተቀበረችው።

የት ነው የምትኖረው? ከመቼ ወዲህ?

ላን

*

ካኦሺዩንግ፣ በስምንተኛው ወር

እታለም፣

ይቅርታ የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ አባክኜዋለሁና አሁን ስፈልገው ዋጋ አጣ። ወይዘሮ ቹዋ ልጇ ወልዳ ልትጠይቃት አገር ቤት ሄዳ ነበር። ስትመለስ ደብዳቤሽን ሰጠችኝ። ያነበብኩት እዚያው ሱቋ ውስጥ ነው፤ ኑድል የሚበሉት ሰዎች ሁሉ ሳህናቸውን አስቀመጡ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ከጨው ጎዳና የወጣሁት ባለፈው ዓመት በአሥራ አንደኛው ወር ነው። ቀኝ እጄን ያጣሁትም በዚያው ወር ነው። ከመርከቡ ጎን የቆረጥነው ብረት ከታሰበው ቀድሞ ወደቀ፤ ከእጅ አንጓዬ በታች የተረፈ የለም። ከሆስፒታል ስወጣ ለክፍሉ የሚሆን ገንዘብ አልነበረኝም። አንድ ደግ ሰው ከፈረሱ መርከቦች የወጡ ዕቃዎችን ይሸጣል፤ የግቢው ዘበኛ አደረገኝ። የጎደለብኝ ነገር የለም ያልኩሽ ውሸት ነበር፣ ብዕሩ ነው ያልኩሽም ውሸት ነበር። የምጽፈው በግራ እጄ ነው።

ሦስቱን አዲስ ዓመት የቀረሁት እውነትም በሥራ ነው። አራተኛውን የቀረሁት በእጄ ነው። ከቤት ስሄድ እናታችን በሩ ላይ ቆማ "ብረት ዘመድ አያውቅም፣ ተው" ያለችኝን አስታውሺ። እኔም ሁለት እጅ ይዤ ወጥቼ በአንድ እጅ ፊቷ አልቆምም ብዬ ማልኩ። ትንሽ ቢቆይ ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሜ፣ ጓንት አጥልቄ፣ እሷም ዓይኗ ደክሟልና ሳታውቀው የሚያልፍ መስሎኝ ነበር። አየሽ፣ በዓይኗ ሞራ ላይ ሳይቀር ተስፋ ጥዬ ነበር።

ሌላ የከፋ አለ። የዕጣውን ደብዳቤ ወይዘሮ ቹዋ የሰጠችኝ በሯ ላይ ነው፣ ያነበብኩትም እዚያው ቆሜ ነው። "ቁጥር አሥራ ሰባት" ብለሽ ከጻፍሽው ቃል ላይ ስደርስ ቀና አልኩ። ቁጥሩ ከራሴ በላይ በቆርቆሮ ተጽፎ ተሰቅሏል። እኔ እዚያ ቤት ውስጥ የለሁበትም። ዕጣው የእኔ እንዳልሆነ ያኔውኑ ገባኝ። እንደ እኔ መቅደስ ደጃፍ ያደገ ሰው ይህ አይጠፋውም። "እንደገና ጣይ፣ የተሳሳተ በር ነግረሻታል" ብዬ አንድ መስመር ብጽፍ በቂ ነበር። ያልጻፍኩት ደስ ስላለኝ ነው። እመቤቲቱ ከለከለች፣ እኔ አልከለከልኩም ብዬ ደስ አለኝ። ቁጥሩን የጠየቅኩሽ ምናልባት ረስተሽው ይሆናል፣ ከሆነም ጥፋቱ ይቀልልኛል ብዬ ነው። ነገርኳት ስትዪኝ ደግሞ የምመልሰው ጠፋኝ።

ከእኔ በኋላ እዚያ ክፍል የገባው ከፔንግሁ ደሴት የመጣ መርከበኛ ነው። እንግዲህ እኛ የታዘዝነው ለእሱ የወጣውን ዕጣ ነው። ለሱም ቢሆን አልሠራም፣ እታለም። እናቱ በአምስተኛው ወር በጀልባ መጣች። ያንን መሰላል በእጇ ቧጣ ወጣች። ለልጇ ዓሣ ጠብሳ፣ ልብሱን አጥባ፣ ወይዘሮ ቹዋን ሰድባ ሄደች። ማንንም አልጠየቀችም፤ ዝም ብላ መጣች።

የፈለግሽውን ስደቢኝ። ዝም ብቻ አትበዪኝ።

ቲንግ-ሃይ

*

ሉጋንግ፣ በዘጠነኛው ወር

ቲንግ-ሃይ፣

ዝም ያልኩህ የምሰድብህን ቃል ስመርጥ ነው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እያለች ያሳደገችን የዚያች እናት ልጅ ነህ። አሁን ብትናገር ምን ይጠቅማል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እሷኮ ባንድ እጅህም ባልተቀየመችህ ነበር። እጅህን ይዛ ታለቅስ ነበር፣ ከዚያ ትቆጣህ ነበር፣ ከዚያ እየቆረሰች ታጎርስህ ነበር። ይህን ሁሉ ነው የነሣሃት። ለራስህም የነሣኸው ይህንኑ ነው።

ቁጣዬን እዚህ ላይ ላቁም፤ የራሴም አለብኝና። "እጅህም ብረት ሆነ መሰለኝ" ብዬ የጻፍኩልህ ቀን እጄን በቆረጠኝ። እየሳቅኩ ነበር የጻፍኩት። ያንን በግራ እጅህ ይዘህ ስታነብ ይታየኛል።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ አጎት ሱን ጋ ሄድኩ፤ ሁሉንም ነገርኩት። መጽሐፉን ዘጋው።

"እኔ የማነበው የወጣውን ነው" አለኝ። "እሷም የምትመልሰው ለተነገራት በር ነው። ያልነገርናትን ከየት ታምጣው?"

"ስቃ ነበርኮ፣ አጎቴ። አጣሪ ብለኸኝም ነበር።"

"ብዬሻለሁ። ግን አጥብቄ አልያዝኩሽም።" የዘጋውን መጽሐፍ ወደ ጎን ገፋው። "የምሳ ሰዓት ነበር፣ ልጄ። እርቦኝ ነበር። ሁለተኛው ዘንግ ቶሎ እሺ ሲባል እኔም ተገላገልኩ ብዬ ነው የገለጥኩልሽ።"

ሽማግሌውን ልቆጣው አልቻልኩም። አንደኛውን ዕጣ በእጄ ይዤ የመለስኩት እኔ ነኝ። ስትስቅ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ብዬ ቆም ብል፣ "አሁንም እዚያው ነህ ወይ?" ብዬ ደግሜ አንድ ደብዳቤ ብጽፍልህ ምን ነበረበት? እኔም እኮ ያን ረጅም መንገድ ፈርቼው ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ትሞትብኛለች ብዬ ነበር። ትቆይ ሲል እኔም በሆዴ እፎይ ብያለሁ። እንግዲህ ሁለታችንም ነን።

አሁን የምነግርህ ግን በጣም ያስፈራኝን ነው። በሰባተኛው ሳምንቷ መታሰቢያ ምግቧን አቀረብንላት፤ የተጠበሰ ኦይስተር፣ ዓሣ፣ የምትወደውን የስኳር ድንች ገንፎ። ዕጣኑ ነዶ ግማሽ ሲደርስ "በልተሽ ጠገብሽ?" ብዬ ሁለቱን ሳንቲም ወረወርኩ። እምቢ። ወይን ጨመርንላት፤ እምቢ። አክስት ቢ ሮጣ የሩዝ ኬክ ገዝታ መጣች፤ እምቢ። ዕጣኑ አልቆ ሌላ ለኮስን። ምግቡ ቀዘቀዘ፣ የጎረቤት ልጆች ራባቸው። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ።

አክስት ቢ "የምትጠብቀው ሰው አለ" አለች። "ልጅሽ እየመጣ ነው በያት።"

"አክስቴ፣ አልጠየቅኩትምኮ።"

"እንግዲህ መጥቶ ያስታርቅሽ። አሁን ግን በያት።"

አልኳት። ቲንግ-ሃይ እየመጣ ነው እናቴ፣ ለመቶኛው ቀንሽ እዚህ ይሆናል አልኳት። ሳንቲሞቹ አንዱ በፊቱ አንዱ በጀርባው ወደቁ።

ስለዚህ አንተን ሳልጠይቅ ለሟች ቃል ገብቼብሃለሁ። ትመጣለህ። ዕጣ አልጣልኩም፣ አልጥልምም። ነፋሱ ዞሯል።

ላን

*

ካኦሺዩንግ፣ በአሥረኛው ወር

እታለሜ፣

በሰላም ገብቻለሁ። የቋጠርሽልኝን ኬክ ግማሹን አውቶቡስ ላይ በልቼ ግማሹን ለወይዘሮ ቹዋ ሰጠኋት። እናታችንን ሳታያት እንደቀረች ነግራኝ ድስት ሳትወረውር አለቀሰች። ድስት ትወረውራለች ብዬ ስሟን ያጠፋሁትም እኔ ነኝ፤ እንግዳ ትወዳለች።

ደህና ደርሰሃል ወይ፣ ጉልበትህስ ብለሽ ልትጠይቂኝ ነው፤ ደህና ነው። ለቀብሯ ያልደረሰ ልጅ ከመንገዱ አፍ እስከ በሩ እየዳኸ መግባቱ ደንብ ነው፤ በአንድ እጅ መዳህ እንደማይቻል ግን እዚያው ነው ያወቅኩት። ወደ አንድ ጎን ስንጋደድ ዘመዶች ሁሉ ሲያዩኝ አይቻለሁ። ስትሮጪ መጥተሽ ብብቴ ሥር ስትገቢ ግን ማንንም ማየት ተውኩ።

አንድ ነገር ሳላመሰግንሽ መጣሁ። ሳንቲሙን ስጡት ሲባል፣ ሁለት መዳፍ ገጥሞ ነውና የሚጠየቀው፣ እኔ ግራ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። አክስት ቢም ካህኑም ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው ነበር። አንቺ ምንም ሳትዪ መጥተሽ ቀኝ መዳፍሽን ከግራዬ ጋር ገጠምሽው። ሳንቲሞቹ በሁለታችን መሐል ሆኑ። እጅሽ ሻካራ ነው፣ እታለም። እሷን ስታነሺ ስታስቀምጪ የሻከረ እጅ ነው። "እናቴ፣ መጣሁ፤ በላሽ ወይ?" አልኩና አብረን ለቀቅናቸው። እንዴት እንደወደቁ አላየሁም። ሰው ሁሉ "እሺ አለች" ሲል ነው የሰማሁት። ስንት ጊዜ እንደምትስቅብኝ፣ ስንት ጊዜ እምቢ እንደምትለኝ በመንገድ ሙሉ ሳስብ ነበር የመጣሁት። ባንዴ እሺ አለችኝ። እምቢ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ጃኬቱን ለብሼዋለሁ። አሥራ አንድ ቁልፍ አለው፤ በአንድ እጅ ስቆልፈው ጠዋቴ ያልቃል። የግቢው ባለቤት በብረት ቁልፍ ላስቀይርልህ ቢለኝ እምቢ አልኩት። የቀኙ እጅጌ ከፊቴ ይወዛወዛል፤ አላሳጥረውም። ሰማያዊውን ጨርቅ ደግሞ እንደ እሷ ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ።

ስወጣ "በዘጠነኛው ወር መምጣት የነበረብን እኛ ነበርን" ብለሽ በሩን የያዝሽበት ነገር ከጆሮዬ አልጠፋም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን መጀመሪያ ለእናታችን ጮክ ብለሽ አንብቢላት። ሳንቲም አትጣይ፤ እሺታዋን ፈልጌ አይደለም፣ እንድታውቀው ብቻ ነው። ከዚያ አንቺ ያዢው።

ካኦሺዩንግ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ የመልሕቅ መንገድ፣ ቁጥር አራት፣ የመርከብ ዕቃ መሸጫው ግቢ፣ እንደገባሽ በስተቀኝ። ደረጃ የለውም። በሩ ከፈረሰ መርከብ የተነቀለ ነው፣ ክብ መስኮት አለው፤ ማታ ማታ መብራቱ ከመንገድ ይታያል። አጎት ሱንን አትጠይቂ። እኔንም አትጠይቂኝ። ዝም ብለሽ ነይ።

ወንድምሽ ቲንግ-ሃይ